ምጡን ቤት፣ ልጁን ጤና ጣቢያ፦ ከአዲስ አበባ ዳር ለምትኖር ነፍሰ ጡር

ለገጣፎ፣ ሱሉልታ፣ ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ገላን፣ ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ። ግማሾቻችን የቤት ኪራይ አባሮን፣ ግማሾቻችን ኮንዶሚኒየም ደርሶን ወደ ዳር ወጥተናል። ቀን ቀን ኑሮው አይከፋም፤ አየሩም ንጹህ ነው። ዳር መሆናችን የሚታወቀን ምጥ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሲመጣ ነው።

ሰሞኑን ቤት ውስጥ በእርጋታ ስለመውለድ የሚያሳይ ቪዲዮ በየስልኩ ይዞራል። ደብዘዝ ያለ መብራት፣ ሙቅ ውሃ የሞላ ገንዳ፣ ዝግ ያለ ሙዚቃ፣ ሳትጮህ የምትወልድ ሴት። ነፍሰ ጡር ሆና ይህን አይታ የማትቋምጥ የለችም። ካሜራው የማያሳየው ግን አለ። ከገንዳው ጎን የሰለጠነች አዋላጅ ተቀምጣለች። ቦርሳዋ ውስጥ ደም የሚያቆም መርፌና ለሕፃን ማስተንፈሻ አለ። እናትየዋ ቀድማ ተመርምራ «ችግር የለብሽም» ተብላለች። ነገር ቢበላሽ አምቡላንስ በደቂቃዎች ይደርሳል። እኛ ጋ ይህ ሁሉ የለም። መኪናው ሰፈሩን እስኪያገኘው ራሱ ስንት ጊዜ ያልፋል።

ስለዚህ ምክሬ እንዲህ ነው። ረጅሙን የምጥ ክፍል ቤትሽ ሆነሽ፣ ሰውነትሽን ፈታ አድርገሽ አሳልፊ። ልጁን ግን ባለሙያ እጅ ላይ ውለጂ። እርጋታ ሕመም ይቀንሳል፣ ደም ግን አያቆምም። በአገራችን እናቶችን ከሚገድሉት ነገሮች ግንባር ቀደሙ የደም መፍሰስ ነው። አብዛኛውም የሚመጣው ልጁ ከወጣ በኋላ፣ ሁሉም «ተመስገን» ባለበት ሰዓት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ100 ሺህ ሕያው ወሊዶች 412 እናቶች እንደሚሞቱ ገምቶ ነበር።

በመጀመሪያ፦ ቤት መቆየት የሌለባት ማን ናት?

ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ክትትሏን ላልተወች፣ ከ37 ሳምንት በላይ ለሆናት፣ አንድ ልጅ ለያዘችና የልጁ ጭንቅላት ወደ ታች ለሆነላት ጤነኛ እናት ነው። ቀደም ሲል በኦፕራሲዮን የወለድሽ ከሆነ፣ መንታ ካረገዝሽ፣ ልጁ በመቀመጫው ከመጣ፣ ደም ግፊት ወይም ስኳር ካለብሽ፣ ባለፈው ወሊድ ብዙ ደም ከፈሰሰሽ፣ የእንግዴ ልጁ ማህጸን በር ላይ ነው ከተባልሽ፣ ወይም የኤች አይ ቪ ቫይረስ በደምሽ ካለ፣ ምጡ ሲጀምር ቤት አትቆዪ። እንዲያውም ቀኑ ሲደርስ ከተማ መሃል ዘመድ ካለሽ እዚያ ክረሚ። በአንዳንድ ጤና ጣቢያዎች የእናቶች ማቆያ ክፍል አለ፤ ክትትል ስትሄጂ ጠይቂ። የእርጋታ ልምምዱን ግን አንቺም አትተዪው፤ ሆስፒታልም ውስጥ ይሠራል።

ፍርሃትና ምጥ

እንግሊዛዊው የማዋለድ ሐኪም ግራንትሊ ዲክ ሪድ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ያስተማረው ነገር ዛሬም አላረጀም። ፍርሃት ሰውነትን ያኮማትራል፣ የተኮማተረ ሰውነት የበለጠ ያመዋል፣ ሕመሙ ደግሞ ፍርሃቱን ያባብሰዋል። ፈረንሳዊው ፈርናንድ ላማዝ እ.ኤ.አ. በ1951 በሶቪየት ኅብረት ያየውን የአተነፋፈስ ዘዴ ወደ ፓሪስ ወሰደው። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው የወሊድ መመሪያ ጡንቻን ማላላትን፣ አተነፋፈስን፣ ሙዚቃን፣ መታሸትንና ሙቅ ጨርቅን ሕመም ለማስታገስ ለፈለገች ጤነኛ እናት ይመክራል።

ሰውነት ውስጥ የሚሆነው ይህ ነው። ማህጸንን የሚያኮማትረው ኦክሲቶሲን የሚባል ሆርሞን ነው። ስትደነግጪ ደግሞ አድሬናሊን ይረጫል። አድሬናሊን ሲበዛ በተለይ የመጀመሪያው የምጥ ክፍል ሊዘገይ ይችላል። የጎረቤት ሴቶች ቡና ላይ ተቀምጠው «እኔማ ሦስት ቀን ሙሉ አምጬ፣ ሞቼ ነው የተነሳሁት» እያሉ ሲያወሩ ሆድሽ የሚኮማተረው ዝም ብሎ አይደለም። በስምንተኛው ወር እንዲህ ያለ ወሬ ሲጀመር «ቡናው ጥሩ ነው፣ በሉ ደህና ዋሉ» ብለሽ ተነሺ። ማንም አይቀየምሽም። ቢቀየሙም ከወለድሽ በኋላ ለገንፎው መምጣታቸው አይቀርም።

ከ34ኛው ሳምንት ጀምሮ፦ ሰውነትን ማላላት መለማመድ

በምጥ ቀን አዲስ ነገር መማር አይቻልም። ስለዚህ ማታ ማታ ከመተኛትሽ በፊት ሩብ ሰዓት ስጪው። በግራ ጎንሽ ተኚ። አንድ ትራስ ከጭንቅላትሽ ሥር፣ አንድ በጉልበቶችሽ መካከል አድርጊ። ትራስ ካልበቃ ጋቢ አጥፊና ተጠቀሚ።

ቀኝ እጅሽን ጠበቅ አድርገሽ ጨብጪ፤ አምስት ቁጠሪ። ከዚያ ልቀቂው። የጨበጥሽበትና የለቀቅሽበት ስሜት ልዩነት ይሰማሽ፤ ትምህርቱ እሱ ነው። በግራ እጅሽ ድገሚው። ትከሻሽን ወደ ጆሮሽ ሳቢና ልቀቂ። ግንባርሽን ቋጥሪና ፍቺ። ጥርስሽን ነክሰሽ ልቀቂ፤ አገጭሽ ይንጠልጠል፣ ምላስሽ ይረፍ። መቀመጫሽን፣ ጭንሽን፣ የእግር ጣቶችሽን እንደዚሁ። ሁለት ሳምንት ያህል ስትለማመጂ መጨበጡ ሳያስፈልግሽ መልቀቁን ብቻ ታውቂዋለሽ።

አገጭን ችላ አትበይ። አብዛኞቻችን ሲያመን ጥርስ እንነክሳለን። ጥርስ ሲነከስ አንገት ይገትራል፣ ትከሻ ይወጣል፣ ታችኛው ሰውነትም አብሮ ይጨብጣል። ባልሽ ወይም እህትሽ ምጡ ላይ አንድ ነገር ብቻ እንዲጠብቁልሽ ብትመርጪ አገጭሽን አስጠብቂያቸው። «ዘና በይ» የሚለው ቃል ለሚያምጥ ሰው ያናድዳል። ጉንጭን በእጅ ጀርባ ቀስ አድርጎ መንካት ይሻላል።

አተነፋፈስ። በአፍንጫሽ እስከ አራት እየቆጠርሽ አስገቢ። በአፍሽ እስከ ስድስት ወይም ስምንት እየቆጠርሽ፣ ትኩስ ሻይ እንደሚያቀዘቅዝ ሰው አውጪው። የሚያሳርፈው ማውጣቱ ነው፤ ማስገባቱን ለሰውነትሽ ተይለት። ምጡ ሲጠነክር ከትንፋሹ ጋር ወፍራም ድምፅ አውጪ፣ «ኡኡኡ» ወይም «ኦኦኦ» እያልሽ፣ ከደረት። ድምፁ ቀጥኖ ወደ ጩኸት ሲሄድ ትከሻሽ መውጣቱን እወቂ፤ መልሰሽ አወፍሪው። ከንፈርሽ ከነዘረ ወይም ካዞረሽ ቶሎ ቶሎ እየተነፈስሽ ነውና ቀስ በይ።

ጸሎት። ፈረንጆቹ ለምጥ የሚደጋገም ቃል ምረጪ ይላሉ። እኛ ጋ የተመረጠ አለን። «ማርያም፣ ማርያም» ስትል ያማጠች እናት የሌለችበት ቤት ጥቂት ነው። በትንፋሹ መውጫ ላይ ረዘም አድርገሽ ስትዪው ምቱንም ይይዝልሻል። ሙስሊም እህቶቼ ዚክራቸውን በዚያው ልክ ያደርጉታል። የሚያስፈልገው ለአንቺ ልብ የሚቀርብ፣ አጭርና ረጋ ብሎ የሚባል ቃል ነው። መዝሙርም ሆነ ነሺዳ ስልክሽ ላይ ጭነሽ አዘጋጂ። ኔትወርክም መብራትም በዚያው ሰዓት ይጠፋሉ ብለሽ አስቢ።

መንገዱን ቀድሞ ማሰናዳት

ይህን ክፍል አደራ እንዳታልፊው። መኪናው የታወቀላት ሴት ናት ዘና የምትለው።

የአምቡላንስ ቁጥር 907 የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ነው፤ 939 የአዲስ አበባ እሳትና ድንገተኛ አደጋ ነው። ሸገር ከተማ ሥር ያላችሁ ደግሞ የወረዳችሁን ወይም የጤና ጣቢያችሁን የአምቡላንስ ሹፌር ቁጥር ከጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ተቀበሉ። በአንዱ ቁጥር ብቻ አትተማመኑ። መኪና ያለው ጎረቤት፣ የሰፈር ላዳ ነጂ፣ ሌሊት የሚሠራ ባጃጅ፣ ሦስቱንም በስማቸው መዝግቡ። ሹፌሩን ቀድማችሁ አነጋግሩት። «ከጥር አጋማሽ ጀምሮ ስልክህን አታጥፋብን» ማለት ነውር የለውም። ምጥ ነው ሲባል የሚጨክን ሹፌር ብዙ አላየሁም።

የቤት ቁጥር በስልክ ለማንም አይገባውም። አቅጣጫውን በወረቀት ጻፉት፦ አስፋልቱ የት ያልቃል፣ ከየትኛው ወፍጮ ቤት ወይም መስጊድ ይታጠፋል፣ የበሩ ቀለም ምንድን ነው። በሩ ላይ ለጥፉት፤ የደነገጠ ሰው አንብቦ ይናገረዋል። አምቡላንስ ሲጠራ አንድ ሰው ባትሪ ይዞ አስፋልት ድረስ ይውጣ። ብቻውን አይሁን፤ ዳር ላይ ጅቡም ውሻውም አለ። ኮንዶሚኒየም ከሆናችሁ የግቢውን ጥበቃ ቀድማችሁ ንገሩት። በሩ ተቆልፎ ጥበቃው እስኪነቃ መኪና ሲጮህ ማደር የታወቀ ነው።

የት እንደምትወልጂም አሁኑኑ ወስኚ። በመንግሥት ጤና ጣቢያ ወሊድ በነጻ ነው። ቅርብ ያለው ጤና ጣቢያ ሌሊት አዋላጅ እንዳለው በአካል ሄደሽ ጠይቂ። ሪፈር ቢሉሽ ወዴት እንደሚልኩሽም ጠይቂ። ለምሳሌ በአቃቂ ቃሊቲ በኩል ላሉ ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ይቀርባል።

ቦርሳው ውስጥ የክትትል ካርድ፣ ንጹህ ነጠላና ጋቢ፣ የሕፃን ልብስና ኮፍያ፣ ሞዴስ፣ ፔርሙስ፣ ቻርጀርና ጥሬ ብር ይግባ።

ምጡ ሲጀምር

መጀመሪያ የሚመጣው ወገብን ያዝ የሚያደርግ፣ የወር አበባ ሕመም የሚመስል ነገር ነው። ደም የነካካው ዝልግልግ ፈሳሽም ሊታይ ይችላል። ብትራመጂና ብትተኚ የሚጠፋ ከሆነ የሐሰት ምጥ ሊሆን ይችላል። እየተጠጋጋ፣ እየረዘመና እየጠነከረ ከሄደ ምጥ ነው። በመጀመሪያ ልጅ ይህ ክፍል ብዙ ሰዓት፣ አንዳንዴም አንድ ቀን ሊወስድ ይችላል።

ሌሊት ከሆነ ለመተኛት ሞክሪ። ቀን ከሆነ ደግሞ የያዝሽውን ሥራ ቀጥዪ። እንጀራ ጋግሪ አላልኩም፤ የሕፃኑን ልብስ ማጠፍ ይበቃል። ሁሉንም ዘመድ አትጥሪ። ባልሽ፣ እናትሽ ወይም እህትሽ፣ ከሚያረጋጉሽ ሁለት ሰው በቂ ነው። የቀሩት ሳሎን ሆነው ይጸልዩ። እትዬ እገሌ ገብታ «ገና ፊትሽ አልጠቆረም፣ ይህ ምጥ አይደለም» ስትል የሚያወጣት ሰው ያስፈልግሻል። ያን ሥራ ለባልሽ ስጪው።

ብዪ፣ ጠጪም። ቀለል ያለ ይሁን፤ አጥሚት፣ በሶ በስኳር፣ ተምር፣ ሻይ። በየሰዓቱ ሽንትሽን ሽኚ፤ የሞላ ፊኛ ልጁ እንዳይወርድ ይይዛል።

በጀርባሽ አትንጋለዪ። ተንቀሳቀሺ። ግድግዳ ተደግፈሽ ዳሌሽን ዙሪያውን አዙሪ። በርጩማ ላይ እግርሽን ከፍተሽ ተቀመጪ። ምንጣፍ ላይ ተንበርክከሽ ክንድሽን አልጋው ላይ ጣይ፤ በተለይ ወገብሽን ከቆረጠሽ ይህ ያሳርፋል። የሚረዳሽ ሰው ከኋላሽ ሆኖ ጡጫውን ከመቀመጫሽ መክፈቻ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ወገብሽ የሚያልቅበት ጠፍጣፋ አጥንት ላይ ያሳርፍ። ምጡ ሲመጣ በክብደቱ ይደገፍበት፤ አይፈትገው፣ ይጫነው። ምጡ ሲለቅ ቀስ ብሎ ይልቀቅ። ብዙ ባሎች ሲፈሩ በጣት ጫፍ ይነካካሉ። ያ አይጠቅምም። «በርታ፣ ጫን» በዪው።

በሙቅ ውሃ የተነከረና የተጨመቀ ፎጣ ወገብና የሆድ ሥር ላይ ማድረግም ጥሩ ነው። ፎጣውን መጀመሪያ እሱ ክንዱ ላይ ይሞክረው። እንሽርት ውሃ ካልፈሰሰ በባልዲ ሙቅ ውሃ መታጠብ ይቻላል፤ በወገብሽ ላይ በጆግ ቀስ እያለ የሚፈስስ ውሃ ብዙ ይገላግላል።

ቤቱን ለማሞቅ ከሰል አታስገቡ። ሱሉልታና እንጦጦ ጀርባ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ አውቃለሁ። በተዘጋ ክፍል ውስጥ የከሰል ጭስ ግን ሰው ይገድላል። ጋቢ ደርቢ።

ሦስት ነገር በፍጹም፦ ሆድ አይታሽም፣ አይገፋም። ምጥ ያፋጥናል የሚባል ሥር ወይም ቅጠል አይጠጣም። ከፋርማሲ ተገዝቶ ቤት ውስጥ የሚወጋ የምጥ መርፌም የለም። የምጥ መርፌ ያለ ክትትል ማህጸን ሊቀድ፣ ልጁንም ሊያፍን ይችላል።

መቼ ይኬዳል?

በስልክሽ ሰዓት ያዢ። ከአንዱ ምጥ መጀመሪያ እስከ ቀጣዩ መጀመሪያ ያለውን ቁጠሪ፤ እያንዳንዱ ስንት ሴኮንድ እንደቆየም ጻፊ። የተለመደው ምክር በየአምስት ደቂቃው እየመጣ፣ አንድ ደቂቃ እየቆየ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ከዘለቀ ሂጂ የሚል ነው። ይህ የተጻፈው መንገድ ለሌለባቸው ነው። መንገድሽ ከግማሽ ሰዓት በላይ ከሆነ፣ የመጀመሪያ ልጅሽም ቢሆን፣ ሰባትና ስምንት ደቂቃ ላይ በደንብ ሲይዝሽ ተነሺ። ሁለተኛና ከዚያ በላይ ልጅ ከሆነ ምጡ ሥርዓት እንደያዘ ሳትጠብቂ ውጪ፤ ሁለተኛ ልጅ ሰው አይጠብቅም። ክረምት ከሆነ፣ ወይም ጧት ከታፎና ከአያት ወደ መሃል የሚገባው ሰልፍ ሳይጀምር መድረስ ከተቻለ፣ አሁንም ቀደም በይ።

ጤና ጣቢያ ደርሰሽ «የማህጸን በርሽ የተከፈተው ገና ሁለት ሴንቲ ነው፣ ተመለሺ» ሊሉሽ ይችላሉ። አትናደጂ። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ራሱ ንቁ ምጥ ከ5 ሴንቲ ሜትር ይጀምራል ይላል። ግን ሱሉልታ ድረስ አትመለሺ። ግቢው ውስጥ ተራመጂ፣ አጠገብ ያለ ዘመድ ቤት ግቢ፣ አተነፋፈስሽን እዚያ ቀጥዪ።

ደቂቃ ሳትቆጥሪ የምትሄጂባቸው ምልክቶች እነዚህ ናቸው፦ ደም እንደ ወር አበባ ወይም ከዚያ በላይ ከፈሰሰ፣ ከባድ ራስ ምታት ወይም የዓይን ብዥታ ካለ፣ ፊትና እጅ ካበጠ፣ ካንቀጠቀጠሽ ወይም ትኩሳት ካለሽ፣ የልጁ እንቅስቃሴ ከቀነሰ፣ በሁለት ምጥ መካከል ሆድሽ ካልለቀቀ። እንሽርት ውሃው ከፈሰሰ ምጥ ባይኖርም ሂጂ፤ አረንጓዴ ከሆነ ደግሞ ፍጠኚ። ከውሃው ጋር እትብት ከወጣ በጉልበትሽና በክርንሽ ተደፊ፣ መቀመጫሽን ወደ ላይ አድርጊ፣ መኪናውም ውስጥ እንደዚያው ሁኚ።

ልጁ መንገዱን ከቀደመ

ማስማጥ ከመጣብሽና ጭንቅላቱ ከታየ መኪና ውስጥ አትግቢ። ሞቅ ያለ ክፍል ውስጥ ሁኚ፣ ሰው 907 ይደውል፣ ስልኩንም አይዝጋ። የሚረዳሽ ሰው እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ ንጹህ ጨርቅ ያንጥፍ። በጎንሽ ተኚ ወይም ተንበርከኪ። ጭንቅላቱ ሲወጣ አታምጪ፤ ትንፋሽሽን እየቆራረጥሽ አውጪ፣ ቀስ ብሎ ይውጣ። ማንም አይጎትተው። እትብቱ አንገቱ ላይ ላላ ብሎ ከተጠመጠመ በጭንቅላቱ ላይ አሳልፎ ማውለቅ ነው።

ልጁን ባዶ ደረትሽ ላይ አድርጊ። በደረቅ ጨርቅ በደንብ ይጠረግ፣ እርጥቡ ይጣል፣ በደረቅ ይሸፈን፣ ኮፍያ ይደረግለት። ካላለቀሰ ጀርባውን ማሸት፣ አፍና አፍንጫውን መጥረግ። አሁንም ካልተነፈሰ ጭንቅላቱን ቀጥ አድርጎ አፍና አፍንጫውን በአፍ ሸፍኖ፣ ደረቱ ከፍ እስኪል ብቻ ትንንሽ ትንፋሽ መስጠት።

እትብቱን አትቁረጡ፣ አትጎትቱ። ምላጭ ከሱቅ ማስመጣት አያስፈልግም፤ ባለሙያ ይቆርጠዋል። ቅቤም አመድም አይቀባ። ወዲያው ጡት ስጪው፤ መጥባቱ ማህጸንሽን ያኮማትረዋል። የእንግዴ ልጁ ከወጣ በንጹህ ፌስታል ከልጁ ጋር ይሂድ። ከዚያ የሚረዳሽ ሰው ከእምብርትሽ በታች ማህጸንሽን ጠንካራ ኳስ እስኪሆን ይሸው፤ ሆድ ማሸት የተፈቀደው አሁን ብቻ ነው። የእንግዴ ልጁ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ካልወጣ፣ ወይም ደሙ ጨርቅ ቶሎ ቶሎ እያራሰ ከቀጠለ፣ አምቡላንስ አትጠብቁ፤ በተገኘው መኪና ሂዱ።

ሁሉም ደህና ቢመስልም ጤና ጣቢያ መሄድ አይቀርም። «ተገላገልኩ እኮ፣ ምን ላድርግ?» የምትል አራስ ትኖራለች። እዚያ የሚጠብቃት ሥራ አለ። መቀደድ ካለ ይሰፋል፣ የደም ግፊት ይለካል። ሕፃኑ የቫይታሚን ኬ መርፌ፣ የዓይን ቅባት፣ የቢሲጂና የፖሊዮ ክትባት ያገኛል። ከዚያም ለ24 ሰዓት ያህል በክትትል መቆየት ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋንም ወደ ቤት ስትመለሱ ደውላችሁ ጥሯት፤ በሦስተኛው ቀን አካባቢ እናትንም ልጅንም ማየት አለባት።